«ቅርንጫፍ አላችሁ?»

«ቅርንጫፍ አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ፣
የገቢዎች ጸሐፊ ቅጽ እያስሞላችኝ።
«እኛማ ያለን ነገር ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣
ግንዱም የሰው ሀብት፣ ሥሩም የሌላ ሰው።»
አልሳቀችም። ማኅተሟን አነሳች፣
«ዘርፍ» የሚለው ላይ ጥቂት አመነታች፣
«ዛፍ ማከም» የሚል ሳጥን የለም አለች፣
«እንጨት ቆራጭ» ብላ በሰማያዊ ጻፈች።
እኔም ፈረምኩ።
ሐኪም ነኝ ብሎ ገብቶ ሥጋ ሻጭ የተባለ
እንደኔ ማን አለ?

ድርጅቴ ይህ ነው፦ አንድ የሞተር መጋዝ፣
ጠዋት የሚያስለው፣ ሲያሰኘው የሚታዘዝ፤
ከዓሣ አጥማጆች ሰፈር የገዛሁት ገመድ፣
ጀልባን እንጂ ሰውን መያዝ የማይወድ፤
ካሮጌ አይሱዙ ወንበር የፈታነው ቀበቶ፣
በድንኳን ሰፊ እጅ መታጠቂያ ሆኖ ተሰፍቶ።
እንዳላማው ከላይ፣ ይርሳው ከታች ናቸው፤
እኔ ከግራቪሊያ ወድቄ ዳሌዬ ከወለቀ ወዲህ
ሒሳብ ያዣቸው።

«በጀሪካን አይቀዳም፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ ቤንዚን ቀጂው፤
ቀበሌ ስሄድ ስብሰባ ገብቷል ፈራሚው።
ባጃጅ ቢሆን ነድቼው በተሰለፍኩ፤ መጋዝ ግን ጎማ የለው፤
በትከሻዬ ተሸክሜ ወስጄ አሳየኋቸው፦ «ይኸው!»

ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር፣
ወይዘሮ ጥሩዓለም የእንግዳ ማረፊያ ሠርታ፣
«ሾላዋ ውሃውን ጋረደችብኝ፣ አንሱልኝ» አለች ጠርታ።
ዋጋ ተናገርኩ። ከኛ በፊት ዓይኗ ዛፉን ወጣ፣
«ገጀራ የያዘ ጎረምሳ በምሳው ይጥላታል» አለች በቁጣ።
እውነቷን ነው፣ ይጥላታል፤
ጣሪያዋ ላይ ያሳርፋታል፣
የመብራቱን ሽቦ ይዞ ይወርዳል፣
ምሳውንም ሳይበላ ይቀራል።
ይህን አላልኩም። ደንበኛ ነች።

መስመሩን እንዲያጠፉ ለመብራት ኃይል ሰዎች ጻፍን፤ እነሱም ጻፉ፤
ሰኞ ያሉት ሐሙስ ሆነ፤ ሐሙስ ዘነበ፤ ቀኖች አለፉ።
ሳንጠይቀው በየማታው የሚጠፋው መብራት
ስንለምነው ጊዜ አራት ቀን ሙሉ በራ፣ ያለ አንዲት ስሕተት።
የይርሳው አበል፣ የእንዳላማው ቁርስና ምሳ
ከኔ ኪስ ሲወጣ፣ ሾላዋ እያየችን ፍሬ ጨመረች፣ ሳትሳሳ።

ዓርብ ሽቦው ሞተ። እንዳላማው ወጣ።
ከቅጠሉ ውስጥ ድምፁ ብቻውን መጣ፦
«ጋሼ፣ ጎጆ አለ! ሦስት ጫጩት፣
አፋቸው ከገላቸው የሚሰፋ።»
ይርሳው ገመዱን እንደያዘ ቀና አለ፤ ወይዘሮዋም ቀና አለች፤
መጋዙ ጠፋ።

«እንግዲህ አትጣሏት» አላለችም፤ እሷ እንዲህ አትልም።
«እስቲ ከወዲያ በኩል ጀምሩ» አለች። በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ አልጠይቅም።
የሞተውን አወረድን፣ የተጠላለፈውን፣ ጣሪያ የሚዳስሰውን፤
ለጎጆው ተውንለት የራሱን።
ነጭ ወተቷ እንዳላማው ክንድ ላይ ረጋ፤
ሳሙና አይለቀውም፤ ሚስቱ ትነዘንዘዋለች ሲነጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም በቅጠሎቿ መሃል መስኮት ተከፈተ፤
ሐይቁ በዚያ ገብቶ በረንዳዋ ላይ ተጎለተ።
ወይዘሮዋ ልታስጥላት ከነበረችው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥታ ተቀመጠች፤
«እኔ ነኝ ክፈቱት ያልኳቸው» እያለች ለእንግዶቿ አወራች።

ደረሰኙን ስቆርጥ፦ «እንጨቱን ትወስዱት የለም?
ከዋጋው ይቀነስልኛ!»
እርጥብ ሾላ ይጨሳል እንጂ አይነድም፣
ይህን ለማስረዳት ግን ደክሞኝ ነበር እኔ።
ለጭራሮው መጣያ የተከራየሁት መኪና ጥሩንባውን ይነፋል።
«ቀሪውን ነገ» አለች።
የሷ ነገ ሩቅ ነው፤ የይርሳው የቤት ኪራይ ግን ዛሬ።

ማታ ሰንሰለቱን በሞረድ እየሳልኩ ሒሳብ ሠራሁ።
ወጪ፦ ቤንዚን፣ ዘይት፣ መኪና፣ አራት ቀን መጠበቅ፣ አንድ ቀን መውጣት።
ገቢ፦ ግማሽ።
ቀሪ፦ ሁለት መቶ አርባ ብር፣ አንድ የላላ ገመድ፣
ሦስት ጫጩት።
እነሱን በየትኛው ዓምድ እንደምጽፋቸው አላወቅሁም።
ግብር ሲደርስ ያቺን የማትስቅ ጸሐፊ እጠይቃታለሁ፤
ምናልባት ለዚህ ሳጥን ይኖራት ይሆናል።